ወፍ ነገረኝ ያልኩት ስም

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኳትም፤ እሷ ሳልነግራት ደረሰችበት እንጂ። አሁን ለእናንተ የምናገረው ከቄስ ስለምትሻሉ አይደለም። ንስሐ የሚነገረው ጎንበስ ተብሎ፣ በጆሮ፣ በሹክሹክታ ነው። እኔ ደግሞ ሰው የበደልኩት በዚያው መንገድ ነው። በሹክሹክታ ያጠፋሁትን በሹክሹክታ ላጥበው አልፈልግም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ የፈለገ ያንብበው፣ የፈለገ ይስደበኝ።

ደግሞም ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ እያለቀስኩ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። ከሠራኋቸው ነገሮች አንዱን ዛሬም ቢሆን እሠራዋለሁ። ጉልበቴ ቢታዘዘኝ ነገ ጠዋት ማጭዴን ስዬ ወደዚያ ተረተር እወጣለሁ። የሚያቃጥለኝ ሌላው ነው። ሁለቱን እንዳትቀላቅሉብኝ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ሽፈራው እባላለሁ። ከየካ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተረተር ላይ ገብስና ባቄላ አርስ ነበር። አርስ ነበር ስል መሬቱ የኔ ነበር ማለቴ አይደለም፤ መሬቱ የባላምባራስ ዘለቀ ነበር። እሳቸው ከተማ ይኖራሉ፣ እኛ ጢሰኞቹ እናርሳለን፣ ሲወቃ ድርሻቸውን በአህያ ጭነን እናወርድላቸዋለን። አባቴም እንደዚሁ ሲያወርድ ኖሮ ነው የሞተው። የላይኛውን ማሳ ከድንጋይ ያጸዳው እሱ ነው። እየለቀመ ከዳር የከመረው ድንጋይ ከሩቅ ሲያዩት አጥር ይመስላል። ልጅ ሆኜ አብሬው ለቅሜያለሁ፤ ጥፍሬ የጠቆረበትን ድንጋይ እንኳ ለይቼ አውቀዋለሁ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ከእርሻ መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት ሰው መጣ። ጂፑን ከታች አቁሞ በእግሩ ወጣ፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሲሆን ግድ አልሰጠውም። ሰበሰበንና አስረዳን። ቁልቁለቱ በየክረምቱ ይታጠባል፣ አፈሩ ወንዝ ይገባል፣ ከተማው ደግሞ ማገዶ አንሶታል። ስለዚህ ቁልቁለት መሬቱን ከገብስ አውጥቶ ባሕር ዛፍ ላስተከለ ሰው፣ ዛፉ ለቆረጣ እስኪደርስ መንግሥት በየዓመቱ የገንዘብ መርጃ ይሰጣል። ዛሬ ድጎማ የምትሉት ነው። ሰውዬው ጥሩ ተናገረ። እኔ ራሴ አጨበጨብኩ። ጉድጓዱን የምቆፍረው እኔ፣ ገብሴን የማጣው እኔ፣ ታዲያ መርጃው ለኔ የሚመጣ መስሎኝ ነዋ!

አባ ዲንቃ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ያልገባቸውን ነገር መጠየቅ የማያፍሩ። «ልጄ፣ ገንዘቡ በማን እጅ ነው የሚገባው?» አሉት።

«መሬቱ በስሙ በሆነው ሰው» አለ።

ጭብጨባው እዚያው ቆመ። ሰውዬው ምን እንዳስቀየመን የገባው አልመሰለኝም፤ መናገሩን ቀጠለ። ከተናገረው ውስጥ ግን አንዱን ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ። መርጃው የሚከፈለው ችግኙ ክረምቱን ወጥቶ ሥር ከያዘ ብቻ ነው አለ። ካልያዘ ቦታው ለዛፍ አይሆንም ተብሎ ወደ ገብስ ይመለሳል።

ባላምባራስ ጊዜ አላጠፉም። በበቅሏቸው መጡና ከላይኞቹ ማሳዎች ጀምሩ አሉ። ከላይኞቹ አንዱ እኔ የማርሰው ነበር። የአዴ ብርቄ ማሳ ከኔ ቀጥሎ ነው፤ እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ። አዴ ብርቄ ባሏ የሞተባት፣ ጉታ ከሚባል አንድ ልጇ ጋር የምትኖር ጎረቤቴ ናት። አዴ እናት ማለት ነው በኦሮምኛ፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራት።

«ጌታዬ፣ እኔስ ልጆቼን ምን ላብላ?» አልኳቸው ባላምባራስን።

«አገሩ ሰፊ ነው ሽፈራው። አንተ ጎበዝ ነህ፣ ሥራ አታጣም» አሉና በቅሏቸውን አዞሩ። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የአባቴን ማሳ በራሴ ዶማ ቆፈርኩት፤ በየጉድጓዱ ችግኝ ተከልኩ። ቁርስ እንኳ ከቤቴ ነበር የምበላው።

ነሐሴ ላይ ሥሩን ቆረጥኩት።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ማንም አልመከረኝም፣ ማንም አላገዘኝም። የእንጦጦን የነሐሴ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በእኩለ ቀን ሰው የገዛ በሬውን ጅራት የማያይበት ጊዜ አለ። በዚያ ጉም ውስጥ ተንበርክኬ ማጭዴን ከአፈሩ ሥር በአግድም አስገባሁ፣ ሥሩን ቀጨሁት፣ አፈሩን መልሼ በመዳፌ ጠቀጠቅሁት። ችግኙ አይወድቅም። ቆሞ ይቆያል፣ ቅጠሉም ለጥቂት ቀን አረንጓዴ ነው። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይጠወልጋል፤ የታመመ ይመስላል። ከአንዱ ወደ አንዱ በጉልበቴ እየሄድኩ ሁሉንም ጨረስኩ። ሚስቴ አስናቀች የሱሪዬን ጉልበት አየችና ምንም ሳትለኝ አጠበችው።

ኃጢአት ነው? ንገሩኝ እስቲ። የመንግሥትን ችግኝ ማጥፋት ወንጀል ነው ትሉኝ ይሆናል። አባቴ ድንጋይ ሲለቅም የተቆረጠ ጣቱንስ ማን ረዳው? መርጃው የት ነበር ያኔ? መሬት የሚያርስን ሰው ከመሬቱ ለማስነሣት የሚከፈል ገንዘብ፣ ያውም ለማያርሰው ሰው የሚከፈል ገንዘብ፣ መርጃ ነው ብለው ሲጠሩት አፋቸውን አልያዛቸውም። እኔም እጄን አልያዘኝም። በዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። እዚያ ላይ ብቻ ቆሜ ብቀር ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ።

ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር ዓይኔን በጨው አጥቤ ከተማ ወረድኩ። «ጌታዬ፣ ችግኙ ታመመ፤ ምን ይሻላል?» አልኩ። ባላምባራስ ደነገጡ፤ ለኔም ጠላ አስቀዱልኝ። ተመልሼ በእንስራ ውኃ እየተሸከምኩ የሞተውን ችግኝ ሳጠጣ ሰው ሁሉ አየኝ። ከዚያ በኋላ በባላምባራስ ዘንድ ከኔ የበለጠ ታማኝ ጢሰኛ አልነበረም።

ጥቅምት ላይ የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ሰው ለቁጥጥር መጣ። ተንበርክኮ አንዱን ችግኝ ሳብ ሲያደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣለት። ገልብጦ አየው። ሌላ ነቀለ። ከዚያ ለባላምባራስ አሳያቸው፤ ቁርጡ ልሙጥ ነበር። «ይህ በሽታ አይደለም፤ ማጭድ ነው» አለ። መርጃው በዚያ ዓመት ቀረ። ባላምባራስ ግን ሰውዬውን ለመኑት፤ አጥፊው ተይዞ ከቀረበና ቦታው ጥበቃ ካገኘ ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል አላቸው። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ገብሴ ሊመለስልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ነገሩ ሰው ወደ መፈለግ ዞረ።

አውጫጭኝ ተጠራ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። አጥፊው ያልታወቀ ነገር ሲኖር የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሦስት የታመኑ ሰዎች ይመረጡና ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሕዝቡ አንድ በአንድ እየመጣ ለአንዱ ጆሮ ጎንበስ ይላል። የሚያውቀው ያለውም የሌለውም ጎንበስ ማለት አለበት፤ ጠቋሚው በመጎንበሱ እንዳይለይ። በመጨረሻ ሦስቱ ተማክረው «ወፍ እገሌ ነው ብላ ነገረችን» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ከሦስቱ አንዱ አባ ዲንቃ ነበሩ፣ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ፣ ሦስተኛው እኔ። ባላምባራስ ታማኝ ነው ብለው ወደዱኝ፤ ጢሰኛውም ከኛው ወገን ነው ብሎ ወደደኝ። እኔም እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።

ወሩ ኅዳር ነበር። ገብሱ ደርሶ ቆሟል፣ ሰው ሜዳ ላይ ታግቷል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ የሚለው ሁሉ «አላውቅም» ይለኛል፤ አንዳንዱም ያው መጎንበሱ ካልቀረ ብሎ ስለ ጎረቤቱ ዶሮ ያማልኛል። ከዚያ አዴ ብርቄ መጣች። ነጠላዋ የእርጥብ እንጨት ጢስ ጢስ ይላል። ጎንበስ አለችና አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

«ሽፈራው፣ በጉሙ ውስጥ አይቼሃለሁ» አለችኝ።

ቀና ልል ስል ጋቢዬን ያዝ አደረገችኝ።

«አትፍራ። እጅህ ይባረክ። የኔንም ማሳ ከርሞ ሊወስዱት ነው። ማርያምን፣ አልናገርም። ለልጄም ቢሆን፣ ለቄስም ቢሆን።»

«አዴ፣ እኔም በቤትዎ ላይ ክፉ አላደርግም፣ ማርያምን» አልኳት።

ይህን ያልኩት በራሴ አንደበት ነው። ሳልጠየቅ ነው የማልኩት።

ሌላ ሌሊት ሜዳ ላይ አደርን። የደረሰ ገብስ አይጠብቅም፤ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ፍሬው ይረግፋል። ሴቶቹ ተራራውን እያዩ ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የሰፈሩ ጭቃ ሹም ደግሞ ስም ካልወጣ የሁላችሁም በሬ ይነዳል ብሎ ዛተ። አባ ዲንቃ እኔንና ገበዙን ወደ አንድ ጥድ ሥር ጠሩን። «ልጆቼ፣ ወፍ አልመጣችም። ካልመጣች እናምጣት። ድሮም እንዲህ ሲጨንቅ የሸሸ ሰው ስም እየጠራን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። የማይመለስ ሰው ማን አለ?» አሉ።

ገበዙ አቀረቀረ።

«ጉታ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። አባ ዲንቃ ስም አልሰጡኝም፣ ገበዙም አልሰጠኝም። የአዴ ብርቄ ልጅ ጉታ መስቀል ሲያልፍ ከባላምባራስ ጋር ተጣልቶ፣ «የእናቴን ማሳ ከወሰዱ ችግኝዎን ራስዎ ይጠብቁት» ብሎ ፊት ለፊት ተናግሯቸው ወደ ቆላ ጥጥ ለቀማ ወርዶ ነበር። ቆላ የወረደ ወይ ወባ ይቀጨዋል ወይ እዚያው ይቀራል፤ እኛ ዘንድ የተመለሰ ሰው አይተን አናውቅም። ነገር ነበረው፣ ሄዷል፣ አይመለስም። እናቱ አሮጊት ናት፣ አሮጊት አይነኩም። በዚያች ቅጽበት ይህን ሁሉ አሰብኩ። እንዴት ቶሎ እንዳሰብኩት ዛሬ ሳስታውሰው ራሴን እጠላዋለሁ። በጆሮዬ ባርካኝ ከሄደች ገና ሁለት ሌሊት እንኳ አላለፈም ነበር፤ እኔ የሰጠኋት መልስ የልጇ ስም ሆነ።

አባ ዲንቃ ተነሥተው ወፍ ጉታ ነው አለች ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ሰው ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እፎይታ ነበር። አዴ ብርቄ ግን ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

«ኢልማ ኮ ሚቲ!» ብላ ጮኸች። «ልጄ አይደለም! ልጄ አይደለም!»

ጭቃ ሹሙ ዞር አለ። «እናት፣ ታዲያ ማነው? የሚያውቁት ካለ ይናገሩ።»

አየችኝ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እኔን ብቻ ነው ያየችው። እኔም አየኋት፤ ዓይኔን አልሰበርኩም። ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ሰዉ የገባው ሌላ ነው። ልጇ መሆኑን ስለምታውቅ መልስ አጣች ብሎ ነው የተረዳው። ከጎኔ የቆመው ሰው «እናት እኮ ናት፣ ምን ታድርግ» ሲል ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ የደረሰ ገብሱን ሊያጭድ ወደየቤቱ ሮጠ።

አስናቀች ማታ ገበታ አቀረበች። «ጉታ ነው?» አለችኝ። ወፍ ናት የተናገረችው አልኳት። የቀኝ እጇን ጠረገችና ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ከኔ ጋር ከአንድ ገበታ አልበላችም። ታቀርብልኛለች፣ ውኃ ታስታጥበኛለች፣ ለብቻዬ እበላለሁ። እንግዳ ሲመጣ ጾም ነኝ ትላለች። አንድም ቀን ግን አልከሰሰችኝም።

ጉታ ለጥምቀት ተመለሰ።

ወባም አልያዘው፣ እዚያም አልቀረ። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለእናቱ የገዛውን ብርድ ልብስ በትከሻው ላይ አድርጎ፣ ታቦቱን ከሚያጅበው ሕዝብ መሀል እየሳቀ ሲመጣ አየሁት። ጭቃ ሹሙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ያዘው። እየቀለዱበት መስሎት መጀመሪያ ሳቀ። ገረፉት፤ በኋላም ከተማ ወርዶ ታሰረ። እኔ ስንት እርምጃ ነበር የምርቀው? እጄን ዘርግቼ ሸሚዙን የምነካበት ቦታ ነበርኩ። «ዋሽቻለሁ» የምትለዋን አንዲት ቃል አጣኋት? አላጣኋትም። ምላሴ ላይ ነበረች፣ ዋጥኳት። ልጆቼን አሰብኩ ልላችሁ እችል ነበር። አስቤያቸዋለሁም። ግን ቆዳዬን ነበር መጀመሪያ ያሰብኩት።

ወንጀለኛው ተያዘ ተብሎ መርጃው ለባላምባራስ ተፈቀደ። የአዴ ብርቄን ማሳ ወሰዱት፤ ጎጆዋን ብቻ ተዉላት። የኔም ማሳ እንደገና ተተከለ። ችግኙን የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ ባላምባራስ ማንን መረጡ መሰላችሁ? እኔን! ደመወዜን ከመርጃው እየቀነሱ ይከፍሉኝ ነበር። በማጭድ የቆረጥኩትን ዛፍ በዱላ ጠበቅሁት። ከጎጆ ወጥቼ ቆርቆሮ ቤት የገባሁት በዚያ ገንዘብ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ሲንኳኳ አስናቀች ነጠላዋን ትከናነባለች።

ጉታ ሲፈታ ወደ ሰፈሩ አልተመለሰም። ወሰን በሚባለው ሰፈር ድንጋይ ጠራቢ ሆነ፣ ሚስት አገባ። እናቱ ዘንድ ግን ድርሽ አይልም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ተገናኘንና አቅፎ ሳመኝ። እኔን! እሱ በታሰረበት ጊዜ ለእናቱ እንጨት ስፈልጥላት እንደነበር ሰምቷል፤ እንደ ወንድም ነበር የሚያየኝ።

«እናትህን አታያትም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ጠላት ስሜን ቢያወጣ አይገርመኝም» አለ። «ወፍም ትዋሽ። እናቴ ግን ማነው ሲሏት ቁጭ አለች። እናቴ አምናለች። እንዴት ብዬ ፊቷን አያለሁ?»

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ስኳርና ጨው ቋጥሮ ይሰጠኝ ነበር፤ «ለእናቴ አድርስልኝ፤ ከኔ ነው እንዳትላት» እያለ። አደርስላታለሁ። አሽትታ ጨርቁን አገላብጣ ታየዋለች፤ የማን እንደሆነ ታውቃለች፣ ግን አትጠይቀኝም። በሁለቱ መሀል የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። ነገሩን የማውቀው እኔ፣ መፍትሔው ያለው በኔ አፍ። ጨውና ስኳር አመላለስኩ።

አሁን ወደ ዋናው በደሌ ደርሻለሁ። እስካሁን ያልኳችሁን ትታችሁ በዚህ ፍረዱኝ።

አዴ ብርቄ ታመመች። ዘመኑ ገና ስድሳዎቹ አልገባም ነበር። አስጠራችኝና ሄድኩ። ጉታ ያመጣላትን ያንን ብርድ ልብስ ለብሳ ተኝታለች፤ ያለቀ፣ የነተበ። ጎረቤቶቹን አስወጣቻቸው።

«ሽፈራው፣ አልቆይም» አለች። «ልጄን ማየት እፈልጋለሁ። ቢመጣ ደግሞ ዝም ብዬ ላየው አልችልም። አላመንኩም ነበር ልለው እፈልጋለሁ፤ ታዲያ ለምን ቁጭ አልሽ ሲለኝ ምን እላለሁ? የማልኩልህ አንተ ነህ፣ ፍታኝ።»

«ቄስ ይፍታዎት አዴ» አልኳት።

«ለቄስ ለምን ማልሽ ቢለኝ ነገሩን መንገር አለብኝ። ያ መሐላዬን ማፍረስ ነው። አንተ ፍታኝ፤ ልጄ ነገ ይምጣ፣ ነገ ልንገረው። ሌላ ምንም አልልም።»

ምን ቸገረኝ? አንዲት ቃል ነበረች፤ ፈትቼዎታለሁ የምትል። ጉታ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ክንዱን አሰብኩ። ዘበኝነቴን አሰብኩ። ቆርቆሮዬን አሰብኩ፤ አዎ፣ ቆርቆሮዬን! ልጆቼ የማን ልጆች ተብለው እንደሚጠሩ አሰብኩ።

«አልፈታዎትም» አልኳት።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። «እሺ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ወጣሁ። ጉታን አልጠራሁትም። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች፤ መሐላዋን ይዛ ሞተች። እኔ የማልኩላትን መሐላ በአንድ ቃል ስበላ፣ እሷ የማለችልኝን እስከ መቃብር ጠበቀችልኝ። ለቀብሯ ጉታ መጣ። ከሰዉ ራቅ ብሎ ቆመ። አፈር አልብሶ ዞሮ ሄደ፤ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ሰው ሁሉ በልጁ ተገረመ፣ አንዳንዶቹም ሰደቡት። እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ባላምባራስን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ባላምባራስ ሞቱ። ቆይቶም አብዮት መጣ፣ ባለርስት የሚባል ጠፋ፣ የድሮ ጢሰኛ በየስብሰባው እየተነሣ በደሉን ተናገረ። እኔም ተነሥቼ ስለ ባላምባራስ ተናግሬያለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። ስለ ራሴ አልተናገርኩም። ታዲያ ያን ጊዜ ማንን ፈርቼ ነበር? ማንም አልነበረም። ዝምታው ተመችቶኝ ነበር እንጂ።

መንግሥት አሳሳተኝ አልልም። ባላምባራስ አስገደዱኝ አልልም። አባ ዲንቃ መከሩኝ አልልም። ከነሱ ጋር ያለኝ ጠብ ሌላ ጠብ ነው፤ እሱን ይዤው እሞታለሁ፣ ከነሱ ጋር አልታረቅም። ግን ያንን ጠብ እንደ ነጠላ ደርቤ በአዴ ብርቄ ፊት ልቀርብ አልችልም። የችግኙን ሥር የቆረጠው ድህነቴ ነው እንበል። «አልፈታዎትም» ያለውስ? እሱ እኔ ነኝ፣ ጠግቤ ያደርኩት ሽፈራው።

ንስሐ አባቴ ይህን ቢሰሙ ስገድ፣ ጹም፣ ይቅር ይበልህ ይሉኛል። ስለዚህ ነው ያልነገርኳቸው። ይቅር መባል አልፈልግም።

አዴ ብርቄ፣ ፈትቼዎታለሁ። ዘግይቻለሁ፤ ቢሆንም ፈትቼዎታለሁ። መናገር ስለማይችሉ የርስዎን እኔ እናገራለሁ።

ጉታ፣ በሕይወት እንዳለህ ሰምቻለሁ፤ አርጅተሃል፣ ልጆችህ ያነቡልሃል። ሥሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስምህን የጠራሁት እኔ ነኝ። ልትገድለኝ ብትመጣ ቤቴን ታውቀዋለህ፤ በሩ አይዘጋም። ይቅር ልበልህ ብለህ ከሆነ ግን አትምጣ፣ አልቀበልህም። ያን ቀን እናትህ አንተን አላመነችብህም። ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። ቁጭ ያለችው ለኔ ስለማለች ነው፤ ልትሞት ስትል የለመነችኝም አንተን ለማየት ነው። መቃብሯን ታውቀዋለህ፤ ከባሕር ዛፉ በታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ አባቴ የከመረው ድንጋይ ከዚያ ይታያል። ሂድና አልቅስላት።